የሐረማያ ሐይቅ ወፎችና የመልካ ጀብዱ ጉድጓዶች

የመልካ ጀብዱና የአካባቢው ገበሬ ወፍ መጠበቅን ከማንም አይማርም። ማሽላው ፍሬ መያዝ ከጀመረበት ዕለት አንሥቶ እስኪታጨድ ድረስ ገና ጎህ ሲቀድ ማማው ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን አዘጋጅቶ፣ በየት በኩል መጣች እያለ ሰማዩን ሲያማትር የሚውለው እርሱ ነው። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚሰለፉት ለዚሁ ሥራ ነው። ጅራፍ ይጮኻል፤ ቆርቆሮ ይደበደባል፤ ጠጠርና የጭቃ ድብልብል በወንጭፍ ይወረወራል። ስለዚህም ከከተማ አቅራቢ መነጽር አንግቶ ወፍ ለማየት የመጣ እንግዳ ሲያጋጥመው የመልካ ጀብዱ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም። ለእርሱ ወፍ ማየት ከእርሻ ሥራዎች አንዱና አድካሚው እንጂ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም።

በጥር ወር ግን ማማው ባዶ ነው። ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ ገብቷል፤ አገዳውም ለከብት መኖና ለማገዶ ተከምሯል። ድሬዳዋና አካባቢዋ እንደ ልማድ ለበርጫ የሚሰጡት የከሰዓት በኋላው ጊዜ በዚህ ወር ለገበሬውም ጥቂት ፋታ ያለበት ነው። የገበሬ ማኅበር መሪ ከዚህ ፋታ ላይ አንድ ከሰዓት ቆርሶ ሌላ ዓይነት ወፍ ለማየት ቢያውለው የሚያገኘው ጥቅም አለ። ይኸውም ስለ ወፍ ብቻ ሳይሆን ስለ ውኃ የሚገኝ ዕውቀት ነው።

ግሪሳና ሌሎቹ

ወፍ ሲባል በገበሬው አእምሮ ቀድማ የምትመጣው ግሪሳ ናት። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ብቻ የሆነች፣ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ስትሆን በቀን የምትበላው እህልም ከ10 ግራም ብዙ አያልፍም። ብቻዋን ብትሄድ ኖሮ ማንም ባልጠላት ነበር። ነገር ግን ግሪሳ ብቻዋን አትሄድም። አንድ ሚሊዮን ሆና በሰፈረችበት አገር በቀን የሚጠፋው እህል 100 ኩንታል ይሆናል ማለት ነው። በመላው አፍሪካ ያለው ብዛቷ ከአንድ ቢሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ከዱር ወፎች ሁሉ በቁጥር የሚተካከላት የለም ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1962 በአካባቢው መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት ከአንበጣ ሌላ የግሪሳን መንጋ በአውሮፕላን መድኃኒት በመርጨት ሲከላከል የኖረ ሲሆን፣ ድሬዳዋም ከሥራ ጣቢያዎቹ አንዷ መሆንዋን የአካባቢው ሰው ያውቃል። ርጭቱ የሚካሄደው ግሪሳዋ ለማደር በምትሰበሰብበት ሥፍራ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። በዚህ ሥራ ላይ የገበሬ ማኅበር መሪው ድርሻ ወረቀት ላይ ፈርሞ አውሮፕላን ከመጠየቅ ይበልጣል። ለግሪሳ የሚረጨው ፌንቲዮን የተባለው መድኃኒት መርጦ አይገድልም። በዚያው ዛፍ ወይም በዚያው ፊላ ውስጥ ያደረውን ሌላውንም ወፍ፣ የተመረዘችውን ግሪሳ የበላውን ጭልፊትና ጉጉትም ይገድላል። ስለሆነም ማደሪያው በትክክል የት እንደሆነ፣ በአጠገቡም ሰውና ከብት የሚጠጡት ውኃ መኖሩንና አለመኖሩን ለይቶ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። የወደቀችውን ወፍ ለቅሞ መብላት ሰውንም እንደሚጎዳ ለልጆች ከርጭቱ በፊት መንገር ይገባል። ከርጭቱ በኋላ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ብዙውን ጊዜ ከጥብሱ በኋላ ይደርሳልና።

ግሪሳ ግን የወፍ ሁሉ ወኪል አይደለችም። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ምሥራቁን የአገራችንን ክፍል በወረረበት ጊዜ፣ ይህም በኢትዮጵያ በ25 ዓመታት ውስጥ ያልታየ ከባድ ወረራ ነበር፣ ሰው ጥሩንባና ቆርቆሮ ይዞ ሲሯሯጥ ያላንዳች ደመወዝ በሥራ ላይ የሚገኙ ወፎችም እንዳሉ ልብ ያለው ጥቂት ነው። ሽመላ አንበጣና ፌንጣን አሳዳ የምትመገብ ወፍ ናት፤ ተምችንም አትተውም። ከብት ተከትላ የምትሄደው ነጯ ሳቢሳ ከብቱ ከሣር ውስጥ የሚያስነሣውን ነፍሳት ትለቅማለች። የሜዳ ንስርና ጭልፊት አይጥን ይቀንሳሉ። ማሽላውን ከግሪሳ ያዳነ ገበሬ ጎተራውን ለአይጥ ካስረከበ ምን አተረፈ?

ይህን ያህል ስለ እርሻ ወፎች ከተባለ፣ ከእነርሱ የተለዩና ገበሬው እምብዛም የማይመለከታቸው ሌሎች አሉ። እነርሱም የውኃ ወፎች ናቸው። እህል አይጠብቁም፤ ማማም አያስፈልጋቸውም። የሚጠብቁት ውኃን ነው።

ከቆላ ወደ ደጋ

መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በመልካ ጀብዱ በኩል ያለው ወንዝ ግን በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል አሸዋ ነው። ዝናብ በተራራው ላይ ሲጥል ለጥቂት ሰዓታት እየደነፋ ይወርድና ይደርቃል። ውኃው ያለው ከመሬት በታች ሲሆን፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ማሣው የሚጠጣው፣ የድሬዳዋ ከተማም የምትጠጣው ከዚያው ከመሬት ሥር ከሚወጣው ነው። ከመሬት በታች ባለ ውኃ ላይ ዳክዬ አይዋኝም። ስለዚህ የውኃ ወፍ ለማየት የሚፈልግ የመልካ ጀብዱ ሰው ሽርጡን ታጥቆ፣ ጋቢውን ግን ሳይረሳ፣ በድሬዳዋ በኩል የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ መውጣት አለበት። ከድሬዳዋ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ የሐረማያ ሐይቅን ያገኛል።

ጋቢው የግድ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐረማያ 2,000 ሜትር ላይ ናት፤ የጥር ንፋስም ከቀትር በኋላ ይበረታል። አውሮፓውያን ክረምት የሚሉት ወር ለእኛ በጋ መሆኑ የታወቀ ነው። እነርሱ ዘንድ ሐይቁ በረዶ ሆኖ ሲጋገር የሚዋኝበት ያጣው ዳክዬ የሚመጣው ወደዚህ ወደ እኛ በጋ ነው።

ሐይቁን ለማየት ደህናው ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ነው። የሚቆመው ፀሐይን ከጀርባ በማድረግ በሐይቁ ምዕራባዊ ዳር ላይ ነው። ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞረ ሰው የሚያየው የሁሉንም ጥላ ብቻ ስለሚሆን ጥቁሩንና ቡናማውን መለየት አይችልም። አቅራቢ መነጽር ካለ መልካም ነው፤ ከሌለም ግሪሳን በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ለይቶ የለመደ ዓይን ለዚህ አያንስም።

በእንዲህ ያለ የደጋ ሐይቅ ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው መሐሉን የያዘው ጥቁር መንጋ ነው። ይህች ሰውነቷ ጥቁር፣ ግንባሯና መንቆሯ ነጭ፣ ከነጩ በላይ እንደ ሁለት የበርበሬ ፍሬ ያሉ ቀያይ እባጮች ያሏት ወፍ ናት። ብዙ ሰው ዳክዬ ይላታል፤ ዳክዬ ግን አይደለችም። እግሯም እንደ ዳክዬ የተያያዘ አይደለም። ከሥር የበቀለውን ተክል ለማምጣት ትጠልቃለች፤ ስለዚህም የምትመርጠው ጥልቀት ያለውን፣ ከሥሩ ሣር የሚበቅልበትን ውኃ ነው። ከእርሷ ጋር ደግሞ እንደ ጡጫ የምታክል፣ ታየች ሲሏት የምትሰወር፣ ዓሣና የውኃ ነፍሳት የምታድን ትንሽ ጠላቂ ወፍ አለች።

ወደ ዳር ሲቀርብ ዳክዬዎቹ ይገኛሉ። ከእነርሱም አንዱ ዓይነት መንቆሩ እንደ ማንካ ጫፉ ሰፋ ያለ ነው። ውኃውን በመንቆሩ እያጠለለ ይሄዳል፤ ሌሎቹም ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው ጅራታቸውን ወደ ሰማይ ያደርጋሉ። ይህም ለጨዋታ አይደለም። ከሥር ያለውን ምግብ አንገታቸው ሊደርስበት የሚችለው በዚያ ብቻ ነው። ስለዚህ ዳክዬ ተዘቅዝቆ የሚበላበት ውኃ ከአንድ ክንድ እምብዛም አይጠልቅም።

ከዚያ ወዲህ ባለው ስንዝር በሚያክል ውኃ ውስጥ ደግሞ እንደ ሽምጥ የቀጠነ ቀይ እግር ያለው፣ ጥቁርና ነጭ ወፍ ይራመዳል። ከእርሱም ወዲህ፣ ውኃው ሸሽቶ ጭቃው ብቻ በቀረበት ሥፍራ፣ አፈር የሚመስሉ ትናንሽ ወፎች እየሮጡና እየቆሙ ትል ይለቅማሉ። በመጨረሻም ሣሩ ላይ፣ ከብቱ መሐል፣ ሳቢሳዋና ደረተ ቢጫዋ ጅራቷን የማታሳርፍ ወፍ ይታያሉ። ይብራም ከሣሩና ከውኃው ድንበር ላይ ጥንድ ጥንድ ሆና ትቆማለች። እርሷ ቀን ሐይቅ፣ ማታ ማሣ የምትል ስለሆነች የሐይቁ ዳር ገበሬ ብዙም አይወዳትም።

እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ወፍ የሚቆመው የእግሩና የአንገቱ ልክ በሆነው ውኃ ውስጥ ነው። በሐይቁ ዙሪያ የሚታየው የወፍ ቀለበት በየጥልቀቱ የተተከለ የመለኪያ ዘንግ ነው ማለት ይቻላል። ሐይቅ በሚጎድልበት ጊዜ አስቀድመው የሚቸገሩት መሐል ያሉት ጠላቂዎች ናቸው። እነርሱ እያነሱ፣ በጭቃ ላይ የሚሮጡት እየበዙ ከሄዱ፣ ከሩቅ ሲያዩት ሐይቁ አሁንም ሰማያዊ ቢሆንም ውኃው ግን እየሳሳ ነው ማለት ነው። በአንድ ዓመት ቆጠራ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ ዝናብ ያነሰበት ዓመት ሊሆን ይችላልና። በአምስትና በስድስት ዓመት ተከታታይ ቆጠራ ግን ግልጽ ይሆናል።

የጠፋው ሐይቅ

ይህ ዓይነቱ ቆጠራ ለሐረማያ ገበሬ ትርፍ ነገር እንዳልሆነ የሐይቁ ታሪክ ያስረዳል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የሐረማያ ሐይቅ ስፋቱ 4.72 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ከፍተኛው ጥልቀቱም 8 ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ ሐይቁ ደርቆ ወለሉ የከብት ግጦሽ ሆነ። ጀልባ ይንሳፈፍበት የነበረው ሥፍራ ላይ ሰው በእግሩ ተሻገረ።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። በዙሪያው ያሉት ኮረብታዎች ዛፋቸው ተመንጥሮ እስከ ጫፍ ስለታረሱ ጎርፍ አፈሩን እየጠረገ የሐይቁን ወለል ሞላው። የሐረር ከተማ ለአሥርት ዓመታት የምትጠጣው ከዚሁ ሐይቅ ሲሆን ሕዝቧም እየበዛ ሄደ። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ በሐይቁ ዳርና በሸለቆው ውስጥ የሚሠሩት የውኃ ሞተሮች ቁጥር ከዓመት ዓመት እያደገ፣ ለድንች፣ ለሽንኩርትና በተለይም ለጫት የሚቀዳው ውኃ ዝናቡ ከሚመልሰው በለጠ። በጋ ላይ የሚደርሰው ጫት ዋጋው ከፍ ያለ ስለሆነ በበጋ የሚያጠጣ ገበሬ ከማያጠጣው የተሻለ ያገኛል፤ በዚህ ላይ ገበሬውን መውቀስ ቀላል ቢሆንም ልጆቹን የሚያለብሰውና እህል የሚሸምተው በዚያው ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ በዚያን ዘመን ከአወዳይ ገበያ ወርዶ ድሬዳዋ በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉንጩ ውስጥ ከያዘው ቅጠል ከፊሉ የሐረማያ ሐይቅ ውኃ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የደረሰው ጉዳት በሐረማያ ብቻ አልቀረም፤ መልካ ጀብዱን የሚነካውም እዚህ ላይ ነው። ደንገጎ የውኃ ድንበር ነው፤ ከተራራው በስተሰሜን የሚወርደው ወደ አዋሽ ተፋሰስ፣ በስተደቡብ የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ይሄዳል። ስለዚህ በተፈጥሮ የሐረማያ ውኃና የመልካ ጀብዱ ውኃ አይገናኙም። ያገናኛቸው ቧንቧ ነው። ሐይቁ በመድረቁ ሐረር ውኃ አጣች፤ ለችግሩ መፍትሔ የተፈለገውም ወደ ቆላው በመውረድ ነበር። በድሬዳዋ አካባቢ ሐሰሊሶ ከሚባለው ሥፍራ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ ውኃው በፓምፕ ኃይል ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ተገፍቶ፣ ተራራውን ወጥቶ ሐረር እንዲደርስ ተደረገ። በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞችም ከዚሁ ይጠጣሉ። ሰው ውኃ ሊያገኝ ይገባዋልና ይህ የሚነቀፍ ሥራ አይደለም። ነገር ግን በደጋው የጠፋው ሐይቅ ዕዳ በቆላው የከርሰ ምድር ውኃ ላይ መመዝገቡን የቆላው ገበሬ ማወቅ አለበት።

ከ2011 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሐይቁ ተመልሷል። ጥሩ ዝናብ የጣለ ከመሆኑም በላይ፣ የአካባቢው ሕዝብና በሐይቁ አጠገብ ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በኮረብታዎቹ ላይ እርከን ለመሥራትና ችግኝ ለመትከል የደከሙት ድካም ረድቷል። ውኃው ሲመለስ ወፎቹም ተመለሱ። ማንም አልጠራቸውም። በሌላ አነጋገር ከሐረማያ ወፎቹን ያባረራቸው ወንጭፍ አልነበረም፤ ለመመለስም የጠየቁት ውኃውን ብቻ ነው።

ከሩቅ የመጡ

ከእነዚህ ወፎች መካከል በዚያው ተወልደው በዚያው የሚኖሩ አሉ፤ መንቆረ ማንካው ዳክዬና ሌሎች ብዙዎች ግን ከአውሮፓና ከሩሲያ እስከ ሳይቤሪያ ካለው አገር የመጡ ናቸው። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዳክዬ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይበርራል። በመስከረምና በጥቅምት ይገቡና በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ።

የሽመላን ጉዞ ለአውሮፓውያን ያስረዳቸው አፍሪካዊ ቀስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1822 በሰሜን ጀርመን የተገደለች አንዲት ሽመላ በአንገቷ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀስት ተሰክቶባት ተገኘች። ቀስቱ ከመካከለኛው አፍሪካ መሆኑ ሲታወቅ፣ ሽመላ በክረምት የት ትገባለች ለሚለው የቆየ ጥያቄ መልስ ተገኘ። ያቺ ሽመላ ከነቀስቷ ደርቃ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣለች። ቀስቱን የወረወረው ሰው ሰብሉን ሲጠብቅ ይሁን ሲያድን የሚያውቅ የለም።

ዛሬ የወፎችን መንገድ ለማወቅ ቀስት አያስፈልግም፤ በእግራቸው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ቀለበት ይደረጋል። እግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ሞቶ ያገኘ ገበሬ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሥፍራውን በወረቀት ጽፎ በአቅራቢያው ላለው የግብርና ጽሕፈት ቤት ቢያስረክብ ለሥራው ይረዳል። ቀለበቱ ብር ወይም ክታብ አይደለም፤ በእርሱ ምክንያት ወፉን መግደል ትርፍ የለውም።

አሞራዎችና ንስሮች የሚገቡበት መንገድ ደግሞ ለመልካ ጀብዱ ቅርብ ነው። ከእስያ የሚመጡት ክፍት ባሕር ላይ መብረር ስለማይወዱ ባሕሩ በሚጠብበት በባብ ኤል መንደብ በኩል ከየመን ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በጥቅምትና በኅዳር በዚያ የቆሙ ቆጣሪዎች ከ76 ሺህ የሚበልጡ የሜዳ ንስሮች ሲሻገሩ መዝግበዋል። ከጅቡቲ ወደ ውስጥ የሚገቡትም የጅቡቲ ባቡር በሚመጣበት አቅጣጫ ነው ማለት ይቻላል፤ ያለ ትኬት መሆኑ ብቻ ይለያል።

አቆጣጠሩ

በዓለም ላይ የውኃ ወፎች በየዓመቱ በጥር ወር ይቆጠራሉ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ሲካሄድ የቆየ ሲሆን፣ ጥር የተመረጠበትም ምክንያት በዚህ ወር ወፎቹ ጉዞ ጨርሰው በአንድ ሥፍራ ረግተው ስለሚቆዩ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ይሁንና ባለሙያ ሁሉም ኩሬ ጋ ሊደርስ አይችልም። ሐይቅ፣ ግድብ፣ ወይም በጋውን የማይደርቅ ረግረግ ያለው ገበሬ ማኅበር በራሱ ሰዎች ሊቆጥር ይችላል።

አቆጣጠሩም አስቸጋሪ አይደለም። እረኛ መንጋውን አንድ ሁለት እያለ አይቆጥርም፤ በዓይኑ ገምሶ ነው የሚያውቀው። በዚሁ ዓይነት መጀመሪያ አሥር ወፍ በትክክል ይቆጠርና አሥሩ የያዙት ሥፍራ ምን ያህል እንደሆነ በዓይን ይያዛል፤ ከዚያም መንጋው እንዲህ ያለ ሥፍራ ስንት ጊዜ እንደሚሞላ ይታያል። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ቆጥረው ቢያስተያዩ ይመረጣል፤ የአንዱ 300፣ የሌላው 800 ከሆነ እንደገና መቁጠር ነው። ከፍ ያለ ክፍል የደረሱ ተማሪዎች ለዚህ ሥራ ከሽማግሌዎች ይልቅ ይፈጥናሉ፤ ወፎቹን በስማቸው በማወቅ ግን ሽማግሌዎቹ ይበልጣሉና ሁለቱን ማጣመር ነው። የፈረንጅ ስም ማወቅ ግዴታ አይደለም። በኦሮምኛም በሶማልኛም ሰፈሩ የሚጠራበት ስም ይበቃል፤ "ጥቁሯ ግንባረ ነጭ" ቢባልም ይበቃል። የሚያስፈልገው በሚቀጥለው ዓመት የሚቆጥረው ሰው ያችኑ ወፍ በዚያው ስም እንዲጽፋት ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የቆሙበት ሥፍራ፣ የወፉ ዓይነት፣ ብዛቱና የቆጣሪው ስም በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገቡ በሊቀመንበሩ ቤት ሳይሆን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ሊቀመንበር ሲለወጥ መዝገብ አብሮ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወፍ የማይቆምበት ውኃ

መልካ ጀብዱ ሐይቅ ስለሌላት ይህ ሁሉ አይመለከታትም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ሐይቅ ሲጎድል ዳሩ ሲሸሽ ይታያል፤ ወፉም ይናገራል። ከመሬት በታች ያለው ውኃ ሲጎድል ግን የሚናገር የለም። ሞተሩ አየር መሳብ የጀመረበት ቀን ነው የሚታወቀው፤ ያን ጊዜም የሚደረገው ጉድጓዱን ጥቂት ሜትር ማጥለቅ ስለሆነ ጎረቤትም ያጠልቃል፤ እሽቅድድሙ ይቀጥላል። የሐረማያ ገበሬ ሐይቁ ከደረቀ በኋላ በሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ያደረገው ይህንኑ ነበር።

በመልካ ጀብዱ የዳክዬውን ቦታ ሊይዝ የሚችለው ገመድና ድንጋይ ነው። በየሜትሩ ቋጠሮ የተደረገበት ገመድ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል፤ ድንጋዩ ውኃውን ሲመታ ይሰማል፤ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውኃው ድረስ ስንት ቋጠሮ እንደሆነ ይቆጠራል። ሞተሩ ሠርቶ ካቆመ በኋላ ወዲያው የተለካ ልክ አይደለም፤ ውኃው ወደ ቦታው እስኪመለስ ሌሊቱን አሳድሮ ማለዳ መለካት ይገባል። ሁሉንም ጉድጓድ መለካት ባይቻል ከተራራው ሥር አንድ፣ ከመሐል አንድ፣ ከታች አንድ ተመርጠው በየዓመቱ እነዚያው ሦስቱ ቢለኩ በቂ ነው።

ከተራራው ሥር ያለው በተለይ መመረጥ አለበት። የመልካ ጀብዱን ጉድጓዶች የሚሞላው በደንገጎና በአካባቢው ተዳፋት ላይ የሚጥለው ዝናብ ነው። እርከንና ዛፍ ባለበት ውኃው ቀስ ብሎ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ በሌለበት እንደ መጣ ይወርዳል። እንደ መጣ የወረደ ውኃ ምን እንደሚያደርግ ድሬዳዋ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. አይታዋለች፤ በዚያች ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ጨርሷል። ተዳፋቱ ላይ እርከን የሚሠራው የላይኛው ቀበሌ ገበሬ ጉልበቱን የሚያፈስሰው በአብዛኛው ለታችኛው ጉድጓድ ስለሆነ፣ የታችኞቹ ማኅበራት በእርከን ሥራ ወራት በጉዛም ሆነ በእህል ሊያግዙት ቢነጋገሩ የሚያስገርም አይሆንም። በዚህ ላይ የሁለት ማኅበራት መሪዎች ለመነጋገር የማንንም ትእዛዝ መጠበቅ አያሻቸውም።

የመጀመሪያው ልኬት በጥር፣ ወፎቹ በሚቆጠሩበት ሳምንት ቢሆን ለማስታወስ ይቀላል። ዳክዬዎቹ ወደ ሰሜን መነሣት የሚጀምሩት በመጋቢት ሲሆን፣ ሙቀቱ የሚበረታውና አትክልቱ አብዝቶ የሚጠጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ልኬት የክረምቱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ በሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ በእነዚያው ሦስት ጉድጓዶች፣ በዚያው ገመድ ይደረጋል። ገመዱ ከተቀየረ አዲሱ በአሮጌው ላይ ተለክቶ ይቋጠር።